ጥሩ የናሙና ዘፋኝ

በዚያ ዓመት ብርዱ ሲገባ በረዶ አልጣለም፤ ዝናብ ብቻ ነበር። ከኖቬምበር እስከ ማርች ዘነበ። ምድር ቤታችን ውሃ ገባው። የባለቤቴ የግሌንዳ ወንድም ከገና አራት ቀን ሲቀረው ሞተ። የሙዚቃ ስቱዲዮዎቹ ሥራ ቀነሱ፤ እኔ በሦስት ወር ውስጥ የተጠራሁት አራት ቀን ነው። የእህቴ ልጅ ዴላ ሜሰር ጉሮሮዋ ላይ ካንሰር ተገኘባት። ቀዶ ጥገና አደረጉላት፤ ከዚያ ሠላሳ ሦስት ቀን ጨረር ሰጧት። ጨረሩ ቦታውን እንዳይስት በፊቷ ልክ የተሠራ የፕላስቲክ ጭንብል እያጠለቁ ከአልጋው ጋር በብሎን ያስሯት ነበር። ከታመመች ጀምሮ እኛ ቤት ገብታ ነበርና የማመላልሳት እኔ ነበርኩ። ሆዷ ላይ በገባ ቱቦ ትመገብ ነበር። አርባ ፓውንድ ቀነሰች። ሐኪሙ ስድስት ሳምንት ቃል እንዳትተነፍስ ከለከላት፤ የፈለገችውን በወረቀት ጀርባ ትጽፍልናለች። አብዛኛውን ጊዜ የምትጽፈው «ውሃ» ብላ ነው። አልሞተችም። የዚያ ወቅት ነገር ይኸው ነው።

ዴላ አስራ ስድስት ዓመት የናሙና ዘፋኝ ሆና ኖራለች። እዚህ ናሽቪል ውስጥ ሰው ዘፈን ሲጽፍ ለታዋቂዎቹ ዘፋኞች ወረቀት አይልክም። ባንድ ጠርቶ፣ ለዘፋኝ ከፍሎ፣ ናሙና ያስቀዳል። ታዋቂዋ ናሙናውን ትሰማለች፤ ከወደደችው ዘፈኑን ወስዳ ራሷ ትዘፍነዋለች። የናሙናዋ ዘፋኝ ስም የትም አይጻፍም። የዴላ ድምፅ ቀጭንና ከፍ ያለ ነበር፤ ንጹሕ ነበር። ታዋቂዎቹ የሷን ናሙና ወስደው፣ ትንፋሽ የምትስብበት ቦታ ሳይቀር እንዳለ ገልብጠው ሲዘፍኑ በሬዲዮ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። እሷም ሳህን እያጠበች ትሰማና፣ «እዚያ ጋ ጉንፋን ይዞኝ ትንፋሽ አጥሮኝ ነበር። እሷንም አጠራት!» ብላ ትስቃለች። እኔ አልስቅም። አልስቅም ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዴላን የናሙና ዘፋኝ ያደረግኋት እኔ ነኝ።

እንዲህ ነው የሆነው። እኔ ስቲል ጊታር እጫወታለሁ፤ ተቀምጬ፣ ብረት በክሮቹ ላይ እያንሸራተትኩ፣ ከሥር ፔዳል እየረገጥኩ። አርባ ዓመት በዚህ ኖሬያለሁ። ዋይሊ ፕሮፊት የሚባል ሰው ዘፈን የሚያሳትም ድርጅት አለው፤ አንድን ሰው አንስቶ ስም የማስያዝ አቅምም ነበረው። ዴላ በሃያ ሁለት ዓመቷ ከኬንታኪ መጥታ እሱ ስቱዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ የዘፈነች ዕለት፣ ፕሮፊት አጠገቤ መጥቶ ጎንበስ አለና፣ «በርል፣ ይቺ የእህትህ ልጅ እንዴት ናት? ሳትሸፋፍን ንገረኝ» አለኝ። እኔም «ጥሩ የናሙና ዘፋኝ ናት» አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ሄደ። በቃ፣ ያው ሆነች። ዘመዱን አሻሻጠ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው ብዬ ለራሴ ለብዙ ዓመት ስነግረው ኖሬያለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ቅናት ነበር። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ከሰው ጀርባ ተቀምጬ ስጫወት ስሜን ማንም አያውቀውም፤ እሷ ደግሞ በአንድ ጠዋት ጥላኝ ልታልፍ ነበር።

ከሕመሙ በኋላ ድምፅዋ ሲመለስ ሌላ ድምፅ ሆኖ ነው የመጣው። መጀመሪያ የሰማሁት ከኩሽና ነው። ፍሪጃችን አሮጌ ነው፤ ቀን ከሌት ያጉረመርማል። አንድ ቀን ጋዜጣ እያነበብኩ ፍሪጁ ሁለት የሆነ መሰለኝ። ቀና ብዬ ሳይ ዴላ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማ፣ ግንባሯን የፍሪጁ በር ላይ አስደግፋ፣ ከፍሪጁ ጋር እኩል ታዜማለች። ሴት በድምፅዋ እዚያ ድረስ ስትወርድ ሰምቼ አላውቅም። እሷ መስማቴን አላወቀችም፤ እኔም ጋዜጣዬን አጥፌ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ አስር ወር ሙሉ በየቀኑ ግሌንዳ ገበያ ስትሄድ ጠብቃ ፍሪጁ ጋ ትቆማለች። ስለዚህ ነገር በቤታችን ማንም ቃል አንስቶ አያውቅም። አንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ሰው እንኖራለን፤ የምንነጋገረው ስለ ዝናብና ስለ እንቁላል ዋጋ ነው።

አንድ አርብ ዕለት ከፕሮፊት ቢሮ ተደወለላት። የምትደውለው ልጅ አዲስ ናት፤ ዴላ መታመሟን የነገራት የለም። የድሮውን የስም ዝርዝር አውጥታ፣ «ከፍ ያለ የሴት ድምፅ» የሚለውን አይታ ነው። ሁለት ዘፈን፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ዴላ «እሺ» ብላ ዘጋችው።

ማክሰኞ ጠዋት ግሌንዳ ትኩስ ዳቦና የቋሊማ መረቅ አቀረበች። ዴላ ከጨረሩ ወዲህ ምራቅ የላትም፤ ዳቦውን ወተት ውስጥ እየነከረች፣ በየጉርሻው ውሃ እየተጎነጨች ነው የምትበላው። አንድ ቁራሽ ለመጨረስ ሩብ ሰዓት ይፈጅባታል። ግሌንዳ ቆማ ታያታለች። ቆማ ማየት ልማዷ ነው።

«ነገርሻቸው?» አለቻት።

«ምኑን?»

«ድምፅሽን ነዋ!»

«አልጠየቁኝም።»

«እንዴ! እንዴት ብለው ይጠይቁሽ? ‹ድምፅሽ እንዴት አደረ› ብለው?»

«ቢሉኝ ጥሩ ነበር። ‹ቆይቶ ነው የሚነሳው፣ ጎርነን ብሎ› እላቸው ነበር።»

«በርል፣ አንተ ምን ትላለህ?» አለች ግሌንዳ ወደ እኔ ዞራ።

«መረቁ ጨው ይጎድለዋል» አልኳት።

«አይ አንተ!» አለችና ጨውን ፊቴ ጠረጴዛው ላይ ደቅ አደረገችው። ከዚያ ለዴላ፣ «ልጄ፣ ባይሆንም እኮ ችግር የለም። የሰኞው ሥራ አለ» አለቻት። የሰኞው ሥራ የሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ በር ላይ ትኬት መቁረጥ ነው። ዴላ አመልክታ አግኝታዋለች። ሰኞ ከጀመረች ከዚያ አትወጣም፤ ይህን ሦስታችንም እናውቃለን። ትኬት መቁረጥ ነውር የለበትም። ግን አስር ወር ሙሉ ግንባሯን ፍሪጅ ላይ አስደግፋ የኖረችው ለሱ አልነበረም። ዴላ ወተቱን ጨልጣ ተነሳች።

መኪና ውስጥ ስቲል ጊታሩ ከኋላ ተኝቶ፣ እሷ ከጎኔ የውሃ ጠርሙሷን እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ ይዛ፣ ወደ ከተማ ወረድን። ጋላቲን መንገድ ላይ ነዳጅ ቀዳሁ። ነዳጅ በአንድ ሳምንት ስምንት ሳንቲም ጨምሯል። ይህን ነገርኳት። «አየሁ» አለች። ድልድዩን አልፈን መብራት ያዘን።

«ፕሮፊት ዛሬም ይጠይቅሃል» አለች።

«ስለምን?»

«ስለ እኔ። ሲጠራጠር ሁልጊዜ አንተን ነው የሚጠይቀው። ያኔም አንተን ነው የጠየቀህ።»

ምን እንደምትል አውቄያለሁ፤ የማላውቀው እንዴት እንዳወቀች ነበር።

«ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ነበር፣ አጎቴ» አለች፤ ፊት ለፊት እያየች። «ያንተ ማይክ ደግሞ ክፍት ነበር። አጠገብህ ቆሜ ብሰማው እንኳ እንደዚያ ጥርት ብሎ አይሰማም።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። አልተንቀሳቀስኩም። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ጥሩምባውን ነፋ፤ ደግሞ ነፋ። ነዳሁ። አስራ ስድስት ዓመት እሑድ እሑድ ከገበታዬ በልታለች። ታማ በቤቴ ተኝታለች። ቱቦዋን አጥቤያለሁ። ይህ ሁሉ ሲሆን ያን ቃል በጆሮዋ ይዛ ነው።

«አስራ ስድስት ዓመት ዝም አልሽ?» አልኳት በመጨረሻ።

«አንተስ?»

ሦስት መስቀለኛ መንገድ አለፍን። ከዚያ ጠርሙሷን ከፍታ ተጎነጨችና፣ «አንድ ነገር ልለምንህ» አለች። «ዛሬ ከጠየቀህ አዝነህልኝ እንዳትዋሽ። የምትሰማውን ንገረው። የማልረባ ከሆንኩ አትረባም በለው፤ ሰኞ ሄጄ ትኬቴን እቆርጣለሁ። ዓመት ከሁለት ወር ሰው እያዘነ ሲያየኝ ነው የኖርኩት። አንገሽግሾኛል።»

«እሺ» አልኳት።

የፕሮፊት ስቱዲዮ ድሮ የሰው መኖሪያ ቤት ነበር። እዚያ ሰፈር ያሉት ሁሉ እንደዚያው ናቸው፤ በረንዳና የአበባ መደብ ያላቸው፣ ውስጣቸው ግን ሽቦ የሞላ። ሳሎኑ የባንዱ ክፍል ነው። መቅጃ መሣሪያው ያለው መኝታ ቤቱ ውስጥ ነው፤ በመካከል ትልቅ መስታወት ገብቷል። ዘፋኟ የምትገባው የቀድሞዋ የቤት እመቤት ማሰሮና ጣሳ ታስቀምጥበት በነበረው ጓዳ ነው፤ ግድግዳው በስፖንጅ ተለብጧል፤ አንዲት ጠባብ መስኮት አለችው። ቡናው ከማሽን ነው፣ አንድ ዶላር፤ ሁልጊዜ የተቃጠለ ነው፤ ሁልጊዜ እንጠጣዋለን። ፕሮፊት ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ መሣሪያው አጠገብ ባለ የቆዳ ወንበር ላይ ከዘራውን ተደግፎ ይቀመጣል። እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል። ወስዶት አያውቅም።

ባንዱን የሚመራው ፒያኖ ተጫዋቹ ነው፤ ሁት እንለዋለን፤ እናቱ ማን ብላ ስም እንዳወጣችለት ረስቼዋለሁ። ዴላን ሲያያት ተነስቶ አቀፋት፤ አጥንቷ እጁ ላይ መጥቶበት መሰለኝ ቶሎ ለቀቃት። «አምሮብሻል!» አላት። «አንተ ግን ወፍረሃል» አለችው። በሚያውቀው ድምፅ ፈንታ ሌላ ድምፅ ሲመልስለት ሁት ዓይኑን ጨፈን ከፈት አደረገ፤ ግን ሙዚቀኛ ነውና ወረቀቶቹን አደለን።

እኛ ኖታ አንጽፍም፤ ብዙዎቻችን አናነብም። እኔ ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። እዚህ ከተማ ዘፈን የሚጻፈው በቁጥር ነው፤ አንድ፣ አራት፣ አምስት፣ ተመልሶ አንድ። አንድ ማለት ቤት ነው፤ ሌሎቹ ከቤት ስንት እርምጃ እንደራቅህ ይነግሩሃል። ቤቱ የትኛው ድምፅ ላይ እንደሆነ በወረቀቱ ጥግ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ በክብ ይጻፋል። ፊደሉን ቀይረህ ቤቱን ወደ ላይም ወደ ታችም ብትወስደው ቁጥሮቹ እዚያው ናቸው፤ ወረቀቱ አይነካም። ይህን ማን እንደፈጠረው አላውቅም፤ ግን ብልህ ሰው ነበር። በዚያ ቀን ወረቀት ጥግ ላይ የተጻፈው «ኤ» ይላል፤ የድሮዋ ዴላ ቤት።

ዘፈኑን የጻፈው ብሬዲ የሚባል የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነው፤ ኮፍያውን ገልብጦ ያደረገ፣ እግሩን ማሳረፍ የማይችል። መስታወቱ ማዶ ሆኖ በማይክ፣ «ደስ የሚል ዘፈን ነው! የቅዳሜ ዘፈን! አንዲት ልጅ ከናቷ ቤት ልትዝናና ስትወጣ ማለት ነው!» አለን። አዝማቹ እንዲህ ይላል፦

እራት አታቆዩልኝ፣ መብራቱንም አጥፉት፤
የኔን ድርሻ ሥጋ ለውሻው ስጡት።

ዴላ ጓዳው ውስጥ ገባች። ማዳመጫውን አጠለቀች። ወረቀቱን አየች።

«ሁት፣ ዝቅ አድርጉልኝ» አለች።

«ወደ ጂ?»

«ዝቅ።»

«ኤፍ?»

«ዝቅ በል እንጂ።»

«ዴላ፣ ምድር ቤት ልንገባ ነው እኮ!»

«ምድር ቤት ነው ያለሁት። ዲ አድርገው።»

ከበሮ መቺው ሳቀ። ሁት ግን ጓዳው መስኮት ላይ ፊቷን አየና አልሳቀም፤ እርሳሱን አንስቶ ፊደሉን ሰርዞ ጻፈ፤ ሁላችንም ጻፍን። ብሬዲ ማዶ ሆኖ እጁን ሲያወናጭፍ ይታየኛል፤ ድምፁ ግን ተዘግቷል። ሁት ቆጠረና ጀመርን።

እዚህ ላይ የሞኝ ሥራ ሠራሁ። አርባ ዓመት የሠራ ሰው ብቻ የሚሠራው ሞኝነት ነው። ከዴላ ጋር ለአስራ ስድስት ዓመት ስጫወት ቦታችን የታወቀ ነበር፤ እሷ ከላይ፣ እኔ ከሥሯ፣ ልክ ጣሪያና ወለል። እጄ ሳላዝዘው ወደ ለመደው ቦታ ሄደ። እሷ ግን አሁን እዚያ ነበረች። ድምፅዋና ክሬ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ተጋፉ፤ ሁለቱም ጠፉ። ስምንት ቃል ያህል ዘፍና አቆመች።

«አጎቴ፣ ቦታዬ ላይ ተቀምጠሃል» አለች።

«ልነሳልሽ?»

«ከፍ በል። ካልሆነልህም ዝም በል።»

«ስሙ እንግዲህ!» አለ ሁት። «አርባ ዓመት ሙሉ ያልተናገረውን ሰው ዝም በል ትለዋለች!»

ሳቁ። እኔም ፈገግ ሳልል አልቀረሁም። ሁት እንደገና ቆጠረ፤ ቀስ አድርጎ፤ ማንም ቀስ በል አላለውም።

ያን የሰማሁትን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፤ እንዳለ ልናገረው። የመጀመሪያውን መስመር ስትዘፍን ክፍሉ የጠበበ መሰለኝ። ድምፅዋ ሁለት ነበር፤ አንዱ ይዘፍናል፣ ሌላው ከሥሩ እንደ ከባድ የእንጨት ሳጥን በጣውላ ላይ ይጎተታል። አፏ ደረቅ ስለሆነ ቃሉ ሲነሳና ሲያርፍ ትንሽ የምላስ ጠቅታ ይሰማል፤ ሌላ ዘፋኝ ብትሆን ታፍርበታለች፤ እሷ አልደበቀችውም። ትንፋሿ ሲያልቅ አለቀ፤ ቆም አለች፤ ሳበች፤ ቀጠለች። «እራት አታቆዩልኝ» ስትል ብሬዲ የጻፋት ኮረዳ አልነበረችም የምትለው። አምስት ወር ሙሉ እራት ያልበላች ሴት ናት። ሽታው ከኩሽና ሲመጣ ግድግዳ ስታይ የኖረች። «የኔን ድርሻ ሥጋ ለውሻው ስጡት» ስትል፣ ግሌንዳ ሳህኑን እየከደነች ስትመልስ የነበረው ታየኝ፤ ድርሻዋን የሚበላው ውሻችንም ታየኝ። ልጁ ለሳቅ የጻፈው ቃል ነው። እንዲህ ያለ ነገር ተሸክሞ እንደሚሄድ ማን ያውቃል? አንድ ቃል አልቀየረችበትም። ዝቅ ብላ ከሥሩ ገባችና እንዳለ አነሳችው።

ሁለተኛው አዝማች ላይ እጆቼ ከክሮቹ ላይ እንደተነሱ አየሁ። አላነሳኋቸውም፤ ተነስተው ነው ያየኋቸው። የሚከፈለኝ ለመጫወት ነው። በአርባ ዓመት ውስጥ አሞኝ ተጫውቻለሁ፤ ወንድሜን ቀብሬ በማግስቱ ተጫውቻለሁ፤ ወረቀቱ ላይ «ስቲል እዚህ ጋ» ከተባለ እጫወታለሁ። ያኔ ግን የምጨምረው ነገር አልነበረም። ምን ብጨምር ይቀንሳል። እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሰው ተቀመጥኩ። ሁትም ግራ እጁን አነሳ፤ በቀኙ ብቻ ቀጠለ። ከበሮ መቺው ዱላውን አስቀምጦ በመዳፉ መምታት ጀመረ። ይህን ማንም አላዘዘም። ዛሬ ያን ዘፈን በሬዲዮ የሚሰማ ሰው መሃል ላይ ባንዱ እየቀለለ እየቀለለ የሚሄደው ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስለዋል። አይደለም። ደንግጠን ነው።

ሲያልቅ መቅጃውን የሚቆጣጠረው ሰውዬ ማቆሚያውን መጫን ረስቶ፣ ዝምታችንን ከአንድ ደቂቃ በላይ ቀድቶታል። መጀመሪያ የተናገረው ብሬዲ ነው።

«ይቅርታ፣ ግን... ይሄ የቅዳሜ ዘፈን ነው እኮ» አለ። ድምፁ አልቅሶ እንደነበር ያስታውቃል፤ ቢሆንም አልተወም። «ሰው እንዲጨፍርበት ነው የጻፍኩት። ይህን ለማን እንልከዋለን? ማን ነው ከዚህ ላይ ተምሮ የሚዘፍነው? ማንም አይችለውም!»

ልጁ አልተሳሳተም። ክፉም አልነበረም። ናሙና ማለት ሌላ ሰው ሊያደርገው የሚችል ልብስ ማለት ነው፤ ይህን ሌላ ሰው ሊያደርገው አይችልም። ጓዳው ውስጥ ዴላ ማዳመጫዋን ሳታወልቅ ወለሉን ታያለች። ፕሮፊት ከቆዳ ወንበሩ ተነሳ። ለመነሳት ጊዜ ይፈጅበታል፤ ማንም አይረዳውም፤ አይወድም። በሩን ከፍቶ፣ ከዘራውን ቋ ቋ እያደረገ፣ ሽቦዎቹን እየተሻገረ መጣና መሃላችን ቆመ።

«ልጁ ልክ ነው» አለ። «ናሙና አይሆንም።»

ዴላ ጠርሙሷን አንስታ መክደን ጀመረች። የክዳኑ ጥርስ አልይዝ አላት።

«በርል» አለ ፕሮፊት። «አንተ ምን ትላለህ? ሳትሸፋፍን ንገረኝ።»

የድሮውን አያስታውስም። ሁልጊዜ እንዲህ ብሎ ነው የሚጠይቀው፤ ለሱ ተራ ጥያቄ ነው። እኔ ግን አስታውሳለሁ፤ እሷም ታስታውሳለች። ተነሳሁ። ስቲል ጊታር ተጫዋች በሥራ ላይ አይነሳም፤ ሁት ዘወር ብሎ አየኝ።

«ልክ ነዎት ሚስተር ፕሮፊት፣ ናሙና አይሆንም» አልኩ። ጉሮሮዬን አጸዳሁ። «የዛሬ አስራ ስድስት ዓመት እዚሁ ክፍል ውስጥ ስለሷ ጠይቀውኝ ነበር። ጥሩ የናሙና ዘፋኝ ናት አልኩዎት። ዋሽቼዎታለሁ። ዘመዴ ስለሆነች ፈራሁ። ቀንቼባትም ነበር። እርስዎ ደግሞ አመኑኝ፤ እሷ በዚያ ቃል ኖረች።»

በሕይወቴ ይህን ያህል ረጅም ንግግር አድርጌ አላውቅም። ከበሮ መቺው መሬት መሬት ያያል። ፕሮፊት ከዘራውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ዛሬስ ለምን አምንሃለሁ?» አለኝ። «ታማ ስለነበር አዝነህላት ይሆናል።»

«መልሰው ያስከፍቱት» አልኩት። «ስቲሉን ይፈልጉት። ከመሃል ጀምሮ የለም። አርባ ዓመት ሲከፍሉኝ እጄን አንስቼ አውቃለሁ?»

«አታውቅም» አለ።

ከዚያ ፊቴን ከሱ መለስኩ። ቃሉ የሚገባው ለሱ አልነበረም። ወደ ጓዳዋ መስኮት ዞርኩ፤ እዚያ ስፖንጅ በለበሰ ግድግዳ መሃል ቆማ፣ ክዳኑን በእጇ ይዛ፣ እንደ ልጅነቷ በትልልቅ ዓይኖቿ ታየኛለች።

«ዘፋኝ ናት» አልኩ። «ሌላ ቅጥያ የለውም። ዘፋኝ ነሽ፣ ዴላ። ያኔም ነበርሽ።»

ፕሮፊት ወደ መስታወቱ ዞሮ፣ «ብሬዲ! ይህን ዘፈን ለማንም አልልክም። የምትዘፍነው እሷው ናት፤ በስሟ። ቅር ይልሃል?» አለው።

«እ... በሬዲዮ ማለት ነው? እሷ?»

«አይለኝም በል፣ አንተ ልጅ!» አለ ሁት። «ሐሳባቸውን ሳይለውጡ አይለኝም በል!»

«አይለኝም! አይለኝም!» አለ ልጁ።

ሳቅ ሆነ። ዴላ ግን አልሳቀችም፤ እኔን ነው የምታየው። ከንፈሯን በውሃ አረጠበች። ከዚያ ወደ ማይኩ ቀረብ አለች፤ ድምፅዋ በየማዳመጫው፣ በሁላችን ጆሮ ውስጥ፣ ወፍሮ ወጣ።

«አስራ ስድስት ዓመት ፈጀብህ፣ አጎቴ።»

«ቀርፋፋ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ። ቁርስ አብሬህ እበላለሁ እኮ።»

ተቀመጥኩ። ሁት ቀጣዩን ወረቀት አደለ፤ ሰዓቱ እየሄደ ነበር፤ ሁለተኛው ዘፈን ገና ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለዚያ ነገር እኔና እሷ አንስተን አናውቅም፤ የምንነጋገረው ስለ ዝናብና ስለ እንቁላል ዋጋ ነው። ሰኞ ዕለት ለሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ ደውላ እንደማትመጣ ነገረቻቸው፤ ስትደውል የክፍሏን በር ክፍት አድርጋ ነው፤ እንድሰማው።